ከመዝገብ ቤት እስከ ወንዝ ዳር፦ የአካባቢ አያያዝ ዕቅድ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ “የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች” በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ አንድ ዓይነት መሬት ላይ ያሉ ይመስለናል። ውኃቸውን ተከትሎ የሄደ ሰው ግን ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ያገኛል። የሰበታ ወንዝ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብና ከትንሹ አቃቂ ራስጌ ተቀምጣለች፤ በዚህ መስመር የሚወርደው ውኃ አዲስ አበባን አቋርጦ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ሱሉልታ ደግሞ ለእንጦጦ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። የሜዳዋ ውኃ በሲቢሉ አድርጎ ሙገርን፣ ከዚያም ዓባይን ይቀላቀላል። የእንጦጦ ሸንተረር የአዋሽንና የዓባይን ተፋሰስ የሚለይ ድንበር ነው። ስለዚህ ከጋራው በዚህና በዚያ ማዶ የሚተከሉ ሁለት ፋብሪካዎች ምርታቸው አንድ ቢሆንም ጎረቤታቸው አንድ አይደለም።

ይህን ያስቀደምኩት ለመልክዓ ምድር ትምህርት አይደለም። ፋብሪካ ወይም ግንባታ የሚያቅድ ሰው ከሁሉ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ “ከግቢዬ የሚወጣው ውኃ ወዴት ይሄዳል? እዚያስ ማን ይጠጣዋል?” የሚል ስለሆነ ነው። የአካባቢ አያያዝ ዕቅድ የሚባለው ሰነድ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ የተግባር መልስ መሆን ነበረበት። እኔ እንደማየው የችግራችን ሥር ዕቅዱ ከቦታው ሳይሆን ከፈቃዱ መነሳቱ ነው። ባለሀብቱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃድ ሰጪው ሰነድ ይጠይቃል፤ አማካሪው ሰነድ ያቀርባል። ሰነዱ መዝገብ ቤት ሲገባ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ወንዙ ዘንድ ግን ገና አልተጀመረም።

የሕግ እጥረት አለብን ማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰጥቷል። አንቀጽ 92 ደግሞ ፖሊሲና ፕሮጀክት በቀጥታ የሚነካቸው ሰዎች በዕቅዱና በአፈጻጸሙ ላይ የመመካከርና ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የ1989ኙ የአካባቢ ፖሊሲ ተከተለ። በ1995 ዓ.ም. ሦስት ተያያዥ አዋጆች ወጡ፦ ቁጥር 295 የአካባቢ ጥበቃ አካላትን ያቋቋመው፣ ቁጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን የደነገገው፣ ቁጥር 300 ብክለትን የሚቆጣጠረው። ዓለምም በዚህ መንገድ የጀመረው ሩቅ ዘመን አይደለም። አሜሪካ ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ሲሆን፣ የግምገማው አስፈላጊነት በሪዮ ጉባኤ መግለጫ ላይ የሰፈረው በ1992 ነው።

በአዋጅ ቁጥር 299 መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገውን ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ መጀመር አይቻልም። የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይህ ይሁንታ መገኘቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የግምገማው ሪፖርት ሊይዛቸው የሚገቡትን ነገሮች አዋጁ ይዘረዝራል፦ የሚለቀቀው በካይ ዓይነትና መጠን፣ ጉዳቱን ለማስወገድ ወይም ለመቀነስ የታሰቡ እርምጃዎች፣ ድንገተኛ አደጋ ቢደርስ የሚወሰደው እርምጃ፣ ባለቤቱ በግንባታም በሥራም ጊዜ ራሱን የሚፈትሽበትና የሚከታተልበት ሥርዓት። እነዚህ የአያያዝ ዕቅዱ አካላት ናቸው። ግምገማው ምን ሊደርስ እንደሚችል ይተነብያል፤ ዕቅዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ በየትኛው መለኪያ እንደሚሠራ የሚነግረን እርሱ ነው። በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ ዕቅዱ የሚገኘው በወፍራሙ ሪፖርት የመጨረሻ ገጾች ላይ፣ በአንድ ሠንጠረዥ ተጨምቆ ነው።

ቡራዩን እንውሰድ። በአምቦ መንገድ ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ ጋር የተያያዘችው ይህች ከተማ ለግንባታው ዓለም ድንጋይ አቅራቢ ናት። ካባ ይፈነቀላል፣ ክሬሸር ይፈጫል፣ ሲኖትራክ ያመላልሳል። ለአንድ ካባ የሚዘጋጅ ዕቅድ ውስጥ “አቧራን ለመቀነስ ውኃ ይረጫል” የሚል ዓረፍተ ነገር መኖሩ አይቀርም። የትኛው ውኃ? የመጠጥ ውኃ በተራ በሚደርስበት ሰፈር የመንገድ አቧራ ማብረጃው ከሕዝቡ መስመር ከተቀዳ መፍትሔው ራሱ በደል ይሆናል። እንዲህ ቢጻፍስ? ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ዝናብ በማይጥልበት ቀን ሁሉ፣ ከካባው በር እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በቀን ሦስት ጊዜ በቦቴ ይረጫል፤ ውኃው ካባው ውስጥ ከተጠራቀመው ይቀዳል፤ ኃላፊው የካባው ፎርማን ነው፤ የቦቴው ኪራይ፣ የነዳጁና የሾፌሩ ወጪ በወር ይህን ያህል ብር ሆኖ በሥራው ዋጋ ውስጥ ተይዟል፤ ሳይረጭ የዋለ ቀን በመዝገብ ይሰፍራል፤ መዝገቡን የቀበሌው ሰው በፈለገ ጊዜ ያያል። ይህን የጻፈ ሰው ካባው ድረስ ሄዷል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግን ከቢሮ መውጣት አያስፈልግም።

በድማሚት ጉዳይም እንደዚሁ። “ፍንዳታው በጥንቃቄ ይከናወናል” ማለት ለግድግዳው ምንም አያደርግለትም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በዙሪያው ያሉ ቤቶች ግድግዳ፣ የነበረውም ስንጥቅ ጭምር፣ ባለቤቱ ባለበት ፎቶ ተነስቶ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጠው። በኋላ “ቤቴን ሰነጠቃችሁት” እና “ድሮም የተሰነጠቀ ነበር” የሚለው ክርክር የሚዳኘው በዚያ ፎቶ ነው። የፍንዳታው ሰዓት ቀድሞ ይነገር፤ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት አይሁን። ድንጋዩ ሲያልቅ ደግሞ ጉድጓዱ ይቀራል። ክረምት ውኃ የሚያቁር ክፍት ካባ ለልጅም ለከብትም ወጥመድ ነው። ከላይ የተገፈፈው ለም አፈር ገና በመጀመሪያው ቀን ተለይቶ ካልተከመረ በመጨረሻ መልሶ የሚያለብሱት ነገር አይገኝም። ስለዚህ የመዝጊያው ሥራ ከመክፈቻው ቀን ይጀምራል፤ ለእርሱ የሚሆነው ገንዘብም ድንጋዩ በሚሸጥበት ጊዜ ሊቀመጥ ይገባል እንጂ ካባው ባዶ ከሆነ በኋላ የሚከፍል አይገኝም።

የቡራዩ ዕቅድ ከሌላው የሚለይበት አንድ ምክንያት ደግሞ ገፈርሳ ነው። ግድቡ ከሰባት አሥርት ዓመታት በላይ አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረ ነው። ከግድቡ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የተራቆተ እያንዳንዱ መሬት በክረምት ደለል ሆኖ ይወርዳል። ደለሉ የግድቡን ሆድ ይሞላል፣ የማጣሪያውን ወጪ ያንራል። በዚህ ተዳፋት ላይ ለሚሠራ መንገድ ወይም መጋዘን ዋናው መለኪያ ከግንባታው በላይና በታች ያለው የጅረቱ ድፍርስነት ልዩነት ነው። ቀላል፣ ርካሽ፣ በየሳምንቱ ሊለካ የሚችል ቁጥር።

ወደ ሰበታ ስንሻገር ጉዳዩ ከአፈር ወደ ፍሳሽ ይዞራል። በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሰበታ ከእነዚህ ከተሞች በኢንዱስትሪ ቀደምቷ ናት። ሜታ አቦ ቢራ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፤ አልኮል ፋብሪካ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ በዓለም ገና በኩል ጨርቃ ጨርቅ፣ የአበባ እርሻዎችም አሉ። በመስከረም 2009 የተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የጅቡቲ ባቡር መስመርም መነሻው ሰበታ ነው። ከበስተ ሰሜን የወጨጫ ተራራ፣ በላዩም የመናገሻ ሱባ ጥንታዊ ደን አለ፤ የሰበታ አካባቢ ምንጮች ከዚያ ይመገባሉ።

“የፋብሪካ ፍሳሽ” ብሎ በአንድ ቃል መጻፍ እዚህ ላይ ትልቅ ስሕተት ነው። የቢራና የአልኮል ፍሳሽ በአብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው። ወንዝ ሲገባ ረቂቅ ነፍሳት ሊበሉት ይረባረቡና የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ ዓሣው የሚሞተው ተመርዞ ሳይሆን ታፍኖ ነው። የአልኮል ፋብሪካው ፍሳሽ ደግሞ ጠቆር ያለ ትኩስ የሞላሰስ አተላ ነው። የጨርቃ ጨርቁ ቀለም፣ ጨውና ሙቀት ይዞ ይመጣል። የቆዳ ፋብሪካው ጸጉር ለመመለጥ ኖራና ሰልፋይድ፣ ለማልፋት ክሮሚየም ይጠቀማል። ሰልፋይዱና ክሮሚየሙ ሳይለያዩ በአንድ ቦይ ከተለቀቁ ማከሙ በእጥፍ ይከብዳል። የአበባው ማዳበሪያና ጸረ ተባይ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ሕክምና አለው። በአገራችን ደረጃ ከቆዳ ፋብሪካ የሚለቀቅ ፍሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ2 ሚሊግራም በላይ ክሮሚየም ሊኖረው አይገባም። ይህ ቁጥር ዕቅዱ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ናሙናው የሚወሰድበት ቦታና የሚመረምረው ላቦራቶሪ ካልተጠቀሰ “ደረጃውን ጠብቆ ይለቀቃል” የሚለው ቃል ባዶ ነው።

ሁለት ነገሮች በሰበታ ዕቅዶች ላይ ይበልጥ ያሳስቡኛል። አንደኛው በጋ ነው። የሰበታ ወንዝ በነሐሴና በየካቲት አንድ ወንዝ አይደለም። የዓመቱን አማካይ ፍሰት ይዞ “ወንዙ ፍሳሹን ያቀጥነዋል” ብሎ ያሰላ ባለሙያ በየካቲት የለም፤ ከብቱን ይዞ ወንዝ የሚወርደው ገበሬ ግን አለ። ስሌቱ ደረቁን ወር መሠረት ማድረግ አለበት። ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። የማጣሪያ ጣቢያ አየር የሚነፋው በሞተር ነው። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ የማምረቻውን መስመር ብቻ የሚያስነሳ ከሆነ ምርቱ ይቀጥላል፣ ፍሳሹ ይቀጥላል፣ ማጣሪያው ብቻ ይተኛል። በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት አየር አጥተው ከሞቱ መልሶ ለማራባት ቀናት ብሎም ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ማጣሪያው ከጄነሬተሩ ጋር የተያያዘ ስለመሆኑ የኤሌክትሪክ ንድፉን ማየት ከማንኛውም ጥቅል መግለጫ ይበልጣል። ከማጣሪያው የሚወጣው ዝቃጭስ? ክሮሚየም ያለበት ዝቃጭ የት እንደሚሄድ ያልጻፈ ዕቅድ ብክለቱን ከውኃ ወደ አፈር አዛወረው እንጂ አላስወገደውም።

ሰበታ ከሌሎቹ ከተሞች የምትበልጥበት ዕድልም አለ። የብሔራዊው የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል መቀመጫው እዚያው ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ተማሪዎችም ወንዙን ደጋግመው አጥንተዋል፤ ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች ያለውን ውኃ፣ በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ነፍሳት ሳይቀር ቆጥረዋል። ይህ እውቀት በየመደርደሪያው ተቀምጦ አዲስ የሚመጣ ፕሮጀክት ስለ ወንዙ መነሻ ሁኔታ ከባዶ የሚጽፍበት ምክንያት የለም።

የግንባታው ዘርፍ በሽታ ሌላ ነው፤ እርሱም የዋጋ ነው። ተቋራጭ የሚሠራው በሥራ ዝርዝሩ ላይ ዋጋ የወጣለትን ነው። ዕቅዱ ሃያ እርምጃ ዘርዝሮ የሥራ ዝርዝሩ ግን “የአካባቢ ጥበቃ፣ በጥቅል” የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለው፣ በጨረታ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የሚያሸንፈው ያንን መስመር የዘነጋው ነው። ለሠራተኛው መጸዳጃ፣ ለነዳጁ ማጠራቀሚያ ከሥሩ መከለያ፣ ከመሠረት ቁፋሮ ለሚወጣው አፈር ሕጋዊ መድፊያና የጉዞው ርቀት፣ እያንዳንዳቸው መለኪያና ዋጋ ይውጣላቸው። አፈሩ በተለይ። ከከተማ የተቆፈረ መረሬ በሌሊት ወንዝ ዳር ሲደፋ የሚቆጥበው የነዳጅ ዋጋ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ በክረምት ጎርፉ ቤቱ የሚገባበት የታችኛው ሰፈር ነው። ዕቅድ አዘጋጁና የሥራ ዝርዝር አዘጋጁ በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ይህ አይታረምም።

ሕጉ የደነገገው ቅጣትም ዘመኑ አልፎበታል። በአዋጅ ቁጥር 299 ያለ ፈቃድ የጀመረ ወይም በሪፖርቱ ሐሰት ያቀረበ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር ይቀጣል፤ የተፈቀደበትን ሁኔታ ያላሟላ ወይም መዝገብ ያልያዘ ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ብር። በ1995 ዓ.ም. ይህ የሚያስፈራ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ማጣሪያውን ከማስኬድ ቅጣቱን መክፈል ይረክሳል። ነባር ፋብሪካዎችም በደንብ ቁጥር 159/2001 ራሳቸውን ለማስተካከል አምስት ዓመት ተሰጥቷቸው ነበር፤ ያ ጊዜ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ።

ተቆጣጣሪው ራሱ ስሙና ቦታው ሲቀያየር ኖሯል፦ ባለሥልጣን፣ ሚኒስቴር፣ ኮሚሽን፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ እንደገና ባለሥልጣን። በመካከሉ የግምገማ ሪፖርት የመመርመር ሥልጣን ፕሮጀክቶቹን ራሳቸው ለሚያስፋፉት የዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ኢንዱስትሪን እንዲያበዛ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ኢንዱስትሪን “ቁም” ይላል ብሎ መጠበቅ ከሰው ተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው። የኦሮሚያ ክልልም በ2015 ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሌሎች አጎራባች ከተሞችን በሸገር ከተማ ሥር በ12 ክፍለ ከተሞች አዋቅሯል። በእያንዳንዱ ለውጥ የተፈቀደው ዕቅድና የክትትሉ መዝገብ አብሮ መዛወር አለበት። ባለሙያው ከተቀየረና መዝገቡ ካልተከተለው ፋብሪካው የገባው ቃል ምስክር ያጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሕዝብ ምክክሩ ገጽ ነው። በእነዚህ ከተሞች መሬት ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ሁላችንም በሐዘን አይተናል። በአዲስ አበባና በዙሪያው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ላይ በ2006 የተነሳው ተቃውሞ በ2008 አገርሽቶ፣ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 ተሰረዘ። ከወራት በኋላ በ2009 መጀመሪያ በሰበታ አካባቢ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። የዚያ ሁሉ ምክንያት የአካባቢ ብክለት ብቻ ነበር አልልም፤ የመሬት፣ የካሳና የፖለቲካ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን “ፋብሪካው መሬቴን ወሰደ፣ ውኃዬን አበላሸ፣ ልጄን አልቀጠረ” የሚል ሰው ይህን የሚናገርበት የመጀመሪያ ሕጋዊ መድረክ የዕቅዱ ምክክር መሆን ነበረበት።

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች መካከል ሰንዳፋ ያስተማረችን ነገርም አይረሳም። አዲስ አበባ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ እዚያ ሠርታ በ2008 ሥራ አስጀመረች። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ከብታችን አለቀ፣ ውኃችን ተበከለ ብለው ተቃወሙ፤ ጣቢያው በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ። ቆሻሻው የአዲስ አበባ ነባር የቆሻሻ መጣያ ወደሆነው ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለሰንዳፋም ጥናት ተሠርቶ ነበር፤ ጥናቱ የጎረቤቱን ልብ ግን አላገኘም። ልብ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ የጎረቤቱን ቋንቋ መናገር ያስፈልጋል። ሪፖርቶቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ነዋሪው አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይናገራል። አዋጁ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ሲያዝ ሕዝቡ በማያነበው ቋንቋ ማለቱ አይመስለኝም። አሥር ገጽ የማይሞላ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማጠቃለያ ምን ያህል ያስወጣል?

ፍርድ ቤትስ? አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለባለሥልጣኑ አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ይህ ለአገራችን ሰፊ በር ነው። ሆኖም በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ከሶ ጉዳዩ ውድቅ ተደርጎበታል። ከዚያ ወዲህ በሩን ደጋግሞ ያንኳኳ ጥቂት ነው። ፋብሪካዎቹ በዕቅዳቸው የገቡት ቃል ለሕዝብ ግልጽ ቢሆን ከሳሹ ማስረጃውን እጁ ላይ ባገኘው ነበር።

መልካም ምሳሌዎችም አሉን። በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አክሞ መልሶ እንዲጠቀምበትና ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ ተደርጎ ተነድፏል። የአበባ አምራቾች ማኅበርም በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ደረጃ የሚለካ የአሠራር ደንብ አውጥቷል፤ ያስገደዳቸው በአብዛኛው የአውሮፓ ገዢ ነው። የዓለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት ክትትሉ ጠንከር ይላል፤ ሪፖርቱ ካልመጣ ክፍያው ይዘገያል። በአገር ውስጥ ብድር የሚሠራው ግን ይህ ጠያቂ የለውም። ባንኮቻችን ብድሩን በዙር ሲለቅቁ የዕቅዱን አፈጻጸም እንደ አንድ መስፈርት ቢይዙ ከብዙ ተቆጣጣሪ የበለጠ ይሠሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሱሉልታን ለመጨረሻ ያቆየሁት የነገው ጥያቄ እዚያ ስላለ ነው። ሜዳዋ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ከክረምት በኋላ ድርቆሽ ይታጨድበታል፣ ወተቱም ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። አሁን በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ የታሸገ ውኃ አምራች ተደርድሯል። ባለይዞታው ግቢውን በገረጋንቲ ሞልቶ ከፍ ሲያደርግ ውኃው አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ጎረቤቱም ይሞላል፤ ውኃው ይቀጥላል፣ እስከ ገበሬው ደጅ። የእያንዳንዱ ግቢ ዕቅድ “ተፅዕኖው አነስተኛ ነው” ይላል፤ በተናጠል ሲታይም እውነት ሊሆን ይችላል። የጥልቅ ጉድጓዱም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ጉድጓድ ብቻውን ሲፈተን ምንም አላጎደለም፤ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ውኃ ይስባል። የአዲስ አበባን ጥም ለማርካት ከታቀዱት ግድቦች መካከል ገርቢና ሲቢሉ በዚሁ አቅጣጫ ናቸው። ዛሬ በሱሉልታ የሚጻፍ ዕቅድ ነገ ሚሊዮኖች ስለሚጠጡት ውኃ ነው የሚጽፈው።

ሦስቱ ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር መሆናቸው ለዚህ ያልነበረ ዕድል ይሰጣል። የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ሠንጠረዥ ከጎረቤቱ ሠንጠረዥ ጋር በየተፋሰሱ ሊደመር ይችላል። ለሱሉልታ ቢያንስ አንድ መስመር በሁሉም ዕቅዶች ላይ በግዴታ ይጻፍ፦ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ድርጅት ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ዝናቡ ሳይገባና በጥቅምት መጀመሪያ ክረምቱ እንደወጣ፣ የጉድጓዱን የውኃ ከፍታ በተመሳሳይ ሳምንት ይለካ፤ የወረዳው ባለሙያ ቆሞ ያስለካ፤ ቁጥሩ የድርጅቱ ስም ተጽፎበት በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ገመድ፣ መለኪያና አንድ ቀን ነው የሚጠይቀው።